ቀን የሌለው የወፍ ፎቶ

የወፍ ፎቶ አንሺ ሥራውን የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በምስሉ ጥራት ነው፤ ላባው አንድ በአንድ ይለያል ወይ፣ ዓይኑ ውስጥ ብርሃን አለ ወይ፣ ከኋላ ያለው ቅጠል ደብዝዞ ወፉን አጉልቷል ወይ። እነዚህ ሁሉ የእጅ ሙያ ናቸውና አላቃልላቸውም። ፎቶው ለጥበቃ ይውላል ከተባለ ግን ሌላ መለኪያ ይጨመራል። ፎቶ የሚመሰክረው ስላለፈ ቅጽበት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ግን ተመልካቹ የዛሬ አድርጎ ያየዋል። ከ15 ዓመት በፊት ጽድ ላይ ተቀምጦ የተነሣ በቀቀን፣ ጽዱ ተቆርጦ መጋዝ ከገባ በኋላ እንኳ፣ በስክሪኑ ላይ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ይኖራል። ምስሉ ባማረ ቁጥር ደግሞ የማሳሳት ኃይሉ ይጨምራል፤ ብዙ ሰው ያጋራዋል፣ ብዙ ጸሐፊ ይጠቅሰዋል። ስለዚህ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ እውነተኛና ወቅታዊ አድርጎ ማቆየት ለሌላ ሰው የሚተው የጽሕፈት ሥራ ሳይሆን የፎቶ አንሺው ሙያ ግማሽ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ጉዳዩ በእኛ ደጋ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ከአገራችን በቀቀኖች ሁለቱ የደጋ ደን ወፎች ናቸው። ራሰ ቢጫው በቀቀን፣ በሳይንስ ስሙ ፖይሴፋለስ ፍላቪፍሮንስ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ክንፈ ጥቁሩ ትንሹ በቀቀን፣ አጋፖርኒስ ታራንታ፣ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ሁለቱም እንቁላል የሚጥሉት በዛፍ ግንድ ፍልፍል ውስጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍልፍል የሚገኘው ደግሞ ባረጀ ዛፍ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር ያረጀ አገር በቀል ዛፍ በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ከቅጥሩ ውጭ እርሻ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለማገዶና ለቤት ሥራ ቶሎ ስለሚቆረጥ ፍልፍል እስኪያበጅ አይቆይም። እንግዲህ በአንድ ደን ውስጥ ያሉት ጥቂት ሽማግሌ ዛፎች ቢወድቁ፣ ደኑ ከሩቅ ሲታይ እንደ ወትሮው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በቀቀኑ ጎጆ ያጣል። ይህን ለውጥ ከሰማይ የተነሣ ምስል በቀላሉ አያሳይም። ከዛፉ ሥር ተቁሞ የተነሣ፣ ቀኑ የተጻፈ ፎቶ፣ በዓመቱ ከተነሣ ሁለተኛ ፎቶ ጋር ሲተያይ ግን ያሳያል።

ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ ከማንሣቱ ላይ ይጀምራል። ክንፈ ጥቁሩ በቀቀን ሲቀመጥ አረንጓዴ ነው፤ ቀይ ግንባር ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን ሴቷና ጫጩቶቹ ግንባራቸውም አረንጓዴ ነው። ጥቁሩ ነገር ከክንፍ ሥር ስላለ የሚታየው ሲበር ወይም ክንፉን ሲያነሣ ነው። ቅጠል መካከል የተቀመጠ አንድ ወንድ ብቻ አሳምሮ ያነሣ ሰው የወፉን መልክ እንጂ የመንጋውን ሁኔታ አልያዘም፤ ሴትና ጫጩት በአንድ ላይ ከታዩ በዚያ ደን መራባቱን የሚጠቁመው ያ ብዙም የማያምረው ፎቶ ነው። ራሰ ቢጫው ላይ ደግሞ ችግሩ ቀለም ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው ዝርያው ራሱ ወደ ብርቱካን ያደላል። በማታ ፀሐይ የተነሣ ወይም በኮምፒውተር ቀለሙ እንዲሞቅ የተደረገ የሰሜን ወፍ የደቡብ ምዕራቡን ሊመስል ይችላል። የቀለም እርማት በሌላ የፎቶ ዓይነት የምርጫ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን የተሳሳተ መረጃ ይሆናል። ስለዚህ ጥሬው ፋይል ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ከቀለሙ ይልቅ ግን እኛን ለይቶ የሚያሰናክለን ቀኑ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶ ወደ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ሲገባ እንዲሁ «2012» ከተባለ ወፉ ከታየበት ጊዜ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ ከሆነ ስምንት። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ካሜራው ላይ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ጠዋት 1 ሰዓት ለውጭ አንባቢ እኩለ ሌሊት ያለፈበት ጊዜ ይሆንና፣ ሌሊቱን በፍልፍል ውስጥ የሚያሳልፍ ወፍ በጨለማ የሚበር ሆኖ ይመዘገባል። ቀንና ቦታ ምን ያህል እንደሚያወጡ የነጭ ሳር ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ መኪና የገጨው የአንድ ወፍ ክንፍ ተገኘ፤ ቦታውና ጊዜው ተመዝግቦ ስለተቀመጠ በ1995 ካፕሪሙልገስ ሶላላ የተባለ በሌሊት የሚበር አዲስ የወፍ ዝርያ ተብሎ ለሳይንስ ቀረበ። ስለ መገኛው የሚናገር ነገር የሌለው ብዙ ውብ ፎቶ ይህን ያህል አይሠራም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፦ ሁለቱም የደጋ በቀቀኖች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ «ብዙም የማያሳስብ» ከሚለው መደብ ውስጥ ናቸው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? መልሱ ከከተሞቻችን ቄራ አጠገብ ይገኛል። ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሣ፣ ኔክሮሲርተስ ሞናከስ፣ በኢትዮጵያ ከተሞች በየጣሪያው የሚታይ ወፍ ስለሆነ ፎቶ አንሺ ሌንሱን የሚያነሣለት እምብዛም ነው። እሱም እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያው በማያሳስበው መደብ ነበር፤ በዚያ ዓመት አደጋ ላይ ካሉት፣ በ2015 ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመደበ። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀንም በዓለም የቤት ወፍ ገበያ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆኖ ሳለ በ2012 ተጋላጭ፣ በ2016 አደጋ ላይ ያለ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ጆሃንስበርግ ላይ ከዱር የተያዘው በንግድ እንዳይሸጥ ዓለም አቀፍ ስምምነት ተደረሰበት። አንድ ወፍ መቀነሱ የሚታወቀው በፊት ስንት እንደነበረና የት እንደነበረ የጻፈ ሰው ካለ ነው። መዝገቡ የሚያስፈልገው ወፉ ብዙ በሆነበት ዘመን ነው፤ አደጋው ከታወጀ በኋላ የትናንቱን ፎቶ ማንሣት አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ የባለሙያ ተቋማት ሥራ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፣ የወፎችን ደረጃ ለቀይ መዝገቡ የሚገመግመው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል ነው፤ በአገራችንም በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ። ነገር ግን ገምጋሚው የሚገመግመው የደረሰውን ነው። በቀይ መዝገቡ ደንብ ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ግምገማ መታደስ ያለበት ተደርጎ ይቆጠራል፤ በዘመን አቆጣጠር ስሕተት ሰባት ዓመት ያረጀ ፎቶ ለእንዲህ ያለው እድሳት ምን ያህል እንደሚያደናግር ከዚህ ይታያል። ፎቶ የጸና የተባለውን እውቀት ሲቀይርም አይተናል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በበርጋ ረግረግ የምትራባው ትንሽ ነጭ ክንፍ ወፍ፣ ሳሮትሩራ አየርሲ፣ ለረጅም ጊዜ የመራቢያ ስፍራዋ ኢትዮጵያ ብቻ እንደሆነ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሣር መካከል የተተከሉ ወጥመድ ካሜራዎች እዚያም እንደምትራባ አሳዩ። ያን ቀን «በኢትዮጵያ ብቻ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየገጹ አረጀ፤ ያላረመው ሰው ሁሉ ስሕተት ማስተማሩን ቀጠለ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው «እስከዚህ ዓመት በታወቀው መሠረት» ተብሎ ዕድሜው ከራሱ ጋር ቢጻፍ ይሻላል። ክስተትና ደረጃም መለየት አለባቸው፦ በብራዚል ከዱር ጠፍቷል የተባለው የስፒክስ ማካው በቀቀን በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ስምንት ወፎቹ ተለቀውለት ነበር፤ መለቀቃቸው ክስተት ነው፣ ዝርያው ዳነ ማለት ግን ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ቦታና ቀን መጻፍ ለአጥማጅ መንገድ ማሳየት ነው የሚለው ነው። በቀቀን ተይዞ የሚሸጥ ወፍ ስለሆነ ሥጋቱ ትክክል ነው፤ የጎጆ ፍልፍል ደግሞ አንዴ ከታወቀ በየዓመቱ ሊዘረፍ ይችላል። ይህ ግን መረጃውን ለማጥፋት ሳይሆን በሁለት ደረጃ ለማስቀመጥ ምክንያት ይሆናል። ለሕዝብ የሚወጣው ወር፣ ዓመትና ወረዳ ይበቃዋል፤ ትክክለኛው ስፍራ ለሚጠብቀው አካልና ለደኑ ባለቤት ለደብሩ ይቀመጥ። ኢበርድ የተባለው የወፍ መዝገብም ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ቦታ ከሕዝብ ይሸፍናል። ስልክ በፎቶው ውስጥ ሳይጠየቅ የሚያስገባውን የመገኛ ቁጥር ከማጋራት በፊት ማውጣት፣ የጎጆ ፎቶ ጨርሶ አለማጋራት፣ ወፉን በተቀዳ ድምፅ ወደ ሌንስ አለመጥራት፣ እነዚህ የሙያው ግዴታዎች ናቸው።

እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ በኋላም ካሜራ የማይችለው አንድ ነገር ይቀራል፤ ያልታየን ወፍ ማንሣት አይችልም። ለጥበቃ ሰው ደግሞ «በዚህ ወር፣ በዚህ ደን፣ ይህን ያህል ሰዓት ጠብቄ አላየሁም» የሚለው መስመር ከአንድ ተጨማሪ ፎቶ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል፤ የመጥፋት የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። የፎቶ ስብስብ በተፈጥሮው የተገኘውን ብቻ ስለሚያከማች፣ ወፉ እየቀነሰ ሳለም ስብስቡ እያደገ ይሄዳል፤ ያየው ሰውም ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያልፋል። ይህን ማጭበርበሩን የሚያርመው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉን ሊጽፈው የሚችለውም እዚያው ደን ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰው ፎቶ አንሺ ራሱ ነው።