ባቡር ለማየት የት ይቆማል?

ቢቸናም ሞጣም ሐዲድ የለም። ከደጀን ተነሥቶ በሁለቱ ከተሞች በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ የአውቶቡስና የጭነት መኪና መንገድ ነው። ባቡርን ሲያልፍ ለማየት ብቻ ብሎ ግማሽ ቀን የሚቆም ሰው በዓለም ዙሪያ ሞልቷል፤ በእኛ አገር ገና ጥቂት ነው። ይህ ደስታ እንዲለመድ እፈልጋለሁ። ለዚህ ነገር የተዘጋጀ ዓይን ካለው ሰው መካከል ደግሞ የምሥራቅ ጎጃምን ደገኛ ከፊት አስቀምጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጀማሪ ተመልካች ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ቅርበትን ነው። ሐዲዱ ሥር ከቆመ ባቡሩን በደንብ ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አጠገቡ ለቆመ ሰው የሚደርሰው ነፋስ፣ አቧራና የፉርጎ ጎን ነው፤ ፊቱን ሲያይ ኋላው አልደረሰም፣ ኋላው ሲደርስ ፊቱ ሄዷል። እኔ ጥሩ ቦታ የምለው ባቡሩን ሲሠራ የሚያሳየውን ነው። ዳገት ሲገፋ፣ ጥምዝ ላይ ሲታጠፍ፣ ለሌላ ባቡር መንገድ ሲለቅ፣ ቆሞ ሲነሣ። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲበር ያያችሁት ባቡር የቱንም ያህል ቢያምር አንዴ ታይቶ ያልቃል፤ ዳገት ላይ ያያችሁት ግን ክብደቱንም ጉልበቱንም ያሳያችኋል።

ይህን የጎጃም ሰው ባቡር ሳያይ ያውቀዋል። ከሞጣና ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሁሉ ደጀን አፋፍ ደርሶ የዓባይን በረሃ ቁልቁል አይቷል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ በተመረቀው ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን መልሶ ይወጣል። አፋፉ ላይ ቆማችሁ አንድ የተጫነ ተሳቢ ከታች እስከ ላይ ሲወጣ ተከታተሉት። የትኛው መታጠፊያ ላይ ማርሽ እንደቀነሰ በድምፁ ትለያላችሁ፤ የተጫነውንና ባዶውን ከአካሄዱ ታውቃላችሁ፤ ከኋላው ስንት መኪና እንደተሰለፈበት አይታችሁ ስንት ሰዓት ላይ አፋፉን እንደሚይዝ ትገምታላችሁ። ባቡር ማየትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከፍ ብሎ መቆም፣ ራቅ አድርጎ ማየት፣ ነገሩ እስኪደርስ መታገሥ።

አሁን ወደ ሐዲዱ እንሂድ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመርቆ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ጀመረ። 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዙሪያ ይወጣል። አገራችን ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ፣ ከወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር የተጫነ ነው፤ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ቀላል፣ አንዳንዴም ባዶ ነው። በጤፍ ማሳችሁ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ የሚገባው በጅቡቲ በኩል ነው፤ ከፊሉም በዚህ ሐዲድ ላይ ይጓዛል። እንግዲህ ተመልካች የትኛውን መጠበቅ እንዳለበት ግልጽ ነው። ጭነቱና ዳገቱ በአንድ አቅጣጫ ናቸው። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና አዳማ ከ1,600 በላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል ወደ ላይ የሚመጣ የኮንቴነር ባቡር ያየ ሰው የሎኮሞቲቭን (የጎታቹን ሞተር) ሥራ አየ ማለት ነው።

ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ። ብዙ ሰው ጥንዱን ይመርጣል፤ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት መጥተው ሳይቆሙ ሲተላለፉ ማየት በእርግጥ ያስደንቃል። እኔ ነጠላውን እመርጣለሁ። ነጠላ ሐዲድ ላይ አንዱ ባቡር ጣቢያ ገብቶ በጎን ሐዲድ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል፣ ከዚያ የቆመው ይነሣል። የዚህን ትዕይንት ሙሉ ጣዕም የያዘው የቆመው ባቡር መነሣቱ ነው። ሎኮሞቲቩ ገና አንድ ክንድ ሳይሄድ የመጀመሪያው ፉርጎ ማያያዣ ይወጠራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፤ ኳኳታው ከፊት ወደ ኋላ እየሮጠ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ይደርሳል። ጥሩ አሽከርካሪ ይህን ኳኳታ ለስላሳ ያደርገዋል፤ ጥድፊያ ያለበት ሰው ባቡሩን ያንገጫግጨዋል። የአሽከርካሪውን ሙያ ከውጭ ሆኖ መመዘን የሚቻለው ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከአዳማ ወዲያ ቦታ ስትመርጡ ጥምዙን ብቻ አትዩ፤ የሚቀርባችሁ ጣቢያ የት እንደሆነ ጠይቁ።

ጥምዝም ካገኛችሁ ከውስጠኛው ጎን ቁሙ። ከውጪ የቆመ የሚያየው የፊተኛውን ክፍል ሲሆን ከውስጥ የቆመ ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ በአንድ ጊዜ ያያል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በ1854 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፈረስ ጫማ ጥምዝ እስከ ዛሬ ሰው የሚጎርፍበት በዚሁ ምክንያት ነው። በካሊፎርኒያ ተሃቻፒ ደግሞ በ1876 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ ሐዲዱ ዞሮ ራሱን የሚሻገርበት ቦታ አለ፤ ረጅም ባቡር የገዛ ጭራው ከሥሩ ሲያልፍ ይታያል። የእኛው መስመር እንዲህ ያለ ጥምጥም የለውም። በምትኩ መተሐራ አካባቢ የፈንታሌን ተራራ ከጀርባ ይሰጣችኋል፤ ከባቡሩ ጀርባ ያለው ነገርም የቦታው ዋጋ አንዱ ክፍል ነው። ደገኛ ወደዚያ ሲወርድ ሙቀቱን አይናቅ፤ ጥላና በቂ ውኃ የሌለው ቦታ የቱንም ያህል ቢያሳይ እኔ ጥሩ አልለውም፤ ባቡሩ እስኪመጣ አያስጠብቅማ።

ሩቅ መሄድ ለማይችል አዲስ አበባ አለች። የቀላል ባቡሩ የሰሜን–ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም፣ የምሥራቅ–ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ቀን ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ መስመሮች ስታዲየም ላይ ይገናኙና ለገሃርን፣ ሜክሲኮንና ተግባረ እድን አብረው አልፈው ልደታ ላይ ይለያያሉ። መሐል ከተማ ላይ ሐዲዱ በድልድይ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ከመንገድ ላይ ሆኖ ያለ መከለያ ይታያል። ከአያት የመጣውና ከቃሊቲ የመጣው በአንድ ሐዲድ ለመግባት ተራ የሚጠባበቁበት ስታዲየም ነው፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ሲያስቀድም ታያላችሁ። በከተማው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ቦታ አላውቅም። ሌላው መንገድ ሁሉ ማለፍን ያሳያል፤ ስታዲየም ግን የተቆጣጣሪዎችን ውሳኔ ያሳያል።

ስለ ፀሐይ ትንሽ ልቆይ፤ ካሜራ የያዘውም ያልያዘውም ያስፈልገዋልና። ባቡሩ በፀሐይና በእናንተ መካከል ከሆነ የምታዩት ጥቁር ጥላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ጎኗን ትለውጣለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ወራት በደቡብ ናት። ስለዚህ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን መስመር በበጋ የሚያይ ሰው ከሐዲዱ በስተደቡብ ይቁም። ለቃሊቲው መስመር ጠዋት ምሥራቁን፣ ከሰዓት በኋላ ምዕራቡን ጎን ይያዝ። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ የባቡሩ ታችኛው ክፍል ይጨልማል፤ መንኰራኩሩንና ከወለሉ በታች ያለውን ማየት የሚሻ በማለዳ ወይም በደመናማ የክረምት ቀን ይምጣ። ክረምትን ብዙዎች ይሸሹታል፤ በእኔ ሚዛን ግን ደመና የሸፈነው ረፋድ የባቡርን ዝርዝር የሚያወጣ ምርጥ ብርሃን ነው።

ለገሃር ከደረሳችሁ አሮጌውን ጣቢያም ሳታዩ አትለፉ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም ነበር፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ በ1922 ተመረቀ። የዚያ መስመር ሐዲድ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አሮጌው ሐዲድ ባለበት ቦታ በእርምጃችሁ ለኩት፤ ጠባቡ ሐዲድ ለምን ጠባብ ጥምዝ እንደተፈቀደለት፣ አዲሱስ ለምን ሰፊ ጥምዝና ረጅም ድልድይ እንደጠየቀ ይገባችኋል። ድሬዳዋ ከዚራ ያለው አሮጌ ጣቢያና የጥገና ሥፍራው፣ አዋሽ ላይም ከአሮጌው ጣቢያ ጎን ያለው ቡፌ ሆቴል ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር የተመቹ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር ባቡር ተመልካች የሎኮሞቲቭ ቁጥር ይመዘግባል፤ ኢያን አለን በ1942 እ.ኤ.አ. ቁጥሮቹን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ይህን ልማድ አስፋፋ። ለእኛ አይበጅም ባይ ነኝ። ቀላል ባቡሩ ሲጀመር የነበሩት ባቡሮች 41 ናቸው፤ ታታሪ ልጅ ቶሎ መዝግቦ ይጨርሳቸዋል። ባቡራችን ጥቂት ስለሆነ የእኛ ሙያ መሆን ያለበት ቦታን ማወቅ፣ አንዱን ባቡር በብዙ ቦታ ማየት ነው።

የአማራ ክልልም የራሱ ሐዲድ አለው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሠራው መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ዋሻና ድልድይ የበዛበት፣ ከአፋር ቆላ ወደ ወሎ ተራራ የሚወጣ ነው። መደበኛ የባቡር አገልግሎት በጀመረ ዕለት ለተመልካች የአገሪቱ ምርጥ መስመር እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ዳገቱም ከፍታውም ጥምዙም አንድ ላይ የተገኙበት ነውና።

ቦታ የሚመዘንበት ሌላ ነገር ይቀራል፤ ያለ ሥጋት መቆም። ከጅቡቲው ሐዲድ በላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፣ የቀላል ባቡሩ 750። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ባቡሮች ስለሆኑ እንደ ናፍጣ ሞተር ከሩቅ አያስጠነቅቁም፤ ስለዚህ ሐዲድ ላይ አይቆምም፣ አጥር አይታለፍም። ጣቢያ ግቢ ውስጥ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃውን ጠይቁ፤ ከከለከላችሁ ቦታው ለእናንተ ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ። ሰላምታ ተለዋውጠው እንድትቆሙ የፈቀዱላችሁ ሰዎች ያሉበት ቦታ፣ እይታው ትንሽ ቢያንስም፣ ከተሰረቀ እይታ ይበልጣል።

በአሜሪካ ኢሊኖይ የምትገኘው ሮሼል ከተማ ሁለት ሐዲዶች በሚቋረጡበት ቦታ ለተመልካቾች መጠለያ ሠርታለች፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እዚያ ተቀምጦ ይውላል። የባቡር ድርጅቶቻችንም ከአዳማ ወዲያ ባለ አንድ ጣቢያ ላይ አንድ የታጠረ ጥላና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ቢሠሩልን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሞጣና የቢቸና መምህራንንም እለምናለሁ፤ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ አዲስ አበባ ስትመጡ ለሙዚየም ጉብኝት ከምትሰጡት ጊዜ ላይ አንድ ማለዳ ቆርሳችሁ ስታዲየም አካባቢ አቁሟቸው፤ የትኛው ባቡር ቀድሞ እንደሚገባ አስቀድመው እንዲገምቱም ጠይቋቸው።