ለደቂቁ አረንጓዴ ምስጋና

ከድሬዳዋ በባቡር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ቢሾፍቱ ሲደርስ አረንጓዴ ሐይቅን ያስብልኝ። ውሃውን ያን ቀለም ያለበሰው ስፒሩሊና የሚባል፣ ነጠላውን ዓይን የማይለየው ፍጥረት ነው። በባሕርም የእሱ ብጤ ደቂቅ አልጌዎች ታላቅ ሥራ ይሠራሉ። የዓሣ ዘይት የሚወደስበት ኦሜጋ 3 በአብዛኛው የእነሱ ሥራ ነው፤ ዓሣው በምግቡ ያገኘዋል።

አዲስ የተፈለፈለ የባሕር ዓሣ ጫጩት ዲኤችኤ የተባለውን የኦሜጋ 3 ስብ ካላገኘ ዓይኑና አንጎሉ በወጉ አያድጉም። አርቢዎች ታዲያ ዲኤችኤ የሚሠራውን፣ ስኪዞኪትሪየም የተባለውን ደቂቅ ፍጥረት በዝግ ጋን ያሳድጉና ሮቲፈር ለተባለች ኢምንት እንስሳ ይመግባሉ፤ ጫጩቱ እሷን ይበላል። ለዘይት ብለን ትንንሽ ዓሦችን ከባሕር ከማጋዝ ወደ ምንጩ መውረድ እንዴት ያለ ብልኃት ነው! የእኛ ቆሮሶ ዓሣም ከአልጌ ማዕድ ያደገ ነውና፣ ምስጋናው ለሥሩ ይድረስ።