የአውሮፓ ስም በአፍሪካ ውኃ
ስለ ዲያቶሞች አለያየትና አመዳደብ የቀረበ ሂስ

በሐይቅ፣ በወንዝና በኩሬ የሚኖሩት ዲያቶሞች ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ፣ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ሙዳይና እንደ ክዳኑ በሚገጣጠሙ ሁለት የሲሊካ ቅርፊቶች ተሸፍኗል። ሕዋሱ ከሞተ በኋላ ቅርፊቱ በደለል ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የሐይቆች ያለፈ ታሪክ ከሚነበብባቸው ምስክሮች አንዱ ሆኗል። ምስክርነቱ የሚጸናው ግን ዝርያው በትክክል ሲለይ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ለአንድ አገር ውኃ የተዘጋጀ የመለያ መጽሐፍ ለሌላው አገር ምን ያህል እንደሚበቃ ነው።

የመለየቱ ሥራ በመልክ ላይ የቆመ ነው። ቅርፊቱ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ወይም በአሲድ ከጸዳ በኋላ፣ ክብ ነው ወይስ ሞላላ፣ ራፌ የተባለው ስንጥቅ አለው ወይስ የለውም፣ ጫፉ ሹል ነው ወይስ ድፍን፣ በ10 ማይክሮሜትር ውስጥስ ስንት የቀዳዳ ረድፍ ይቆጠራል ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ረገድ ክራመርና ላንገ-ቤርታሎት እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 በጀርመንኛ በአራት ክፍል ያወጡት የመካከለኛው አውሮፓ ጨው አልባ ውኃ ዲያቶሞች መጽሐፍ ታላቅ ሥራ ነው። በተለይ የአንድን ዝርያ ትልልቅና ትንንሽ ቅርፊቶች ጎን ለጎን ማሳየቱ ያስመሰግነዋል። ዲያቶም ሲከፈል አዲሱ ቅርፊት በአሮጌው ውስጥ ስለሚሠራ፣ ከልጆቹ አንዱ ከእናቱ ያንሳል። ማክዶናልድና ፊትዘር እ.ኤ.አ. በ1869 በየፊናቸው እንዳመለከቱት፣ በትውልድ ብዛት የሚያንሰው መጠን የሚመለሰው በአብዛኛው በጾታዊ መራባት ነው። ሲያንስም ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የጫፉ ቅርጽ ጭምር ሊለወጥ ይችላል። አንድ ሥዕል ብቻ የያዘ ተመራማሪ እናትንና ልጅን ሁለት ዝርያ ቢያደርጋቸው አያስደንቅም።

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ ሁለት ቅሬታ አለን። የመጀመሪያው ዝርያን እጅግ ሰፊ አድርጎ የመያዝ ዝንባሌ ነው። በመጽሐፉ ናቪኩላ ፑፑላ ተብሎ የተመዘገበው፣ ኋላም ሴላፎራ ወደተባለው ወገን የተዛወረው ዲያቶም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። ማንና ባልደረቦቹ በኤዲንብራ ብላክፎርድ ኩሬና በሌሎች ውኆች የሚገኙትን መልኮቹን ለክተው፣ መዳቀላቸውንም ፈትነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 አምስት አዳዲስ ዝርያዎችን ከዚያ አንድ ስም ሥር አወጡ። ከዚህ የምንረዳው የመልክ ጥናት እንዳልከሸፈ ነው፤ ልኬቱ ሲጠራ መልክ ራሱ ልዩነቱን ተናግሯልና።

ሁለተኛውና የሚከብደው ቅሬታችን ከደራሲዎቹ ይልቅ አንባቢዎችን ይመለከታል። መጽሐፉ ወሰኑን በርእሱ ላይ በግልጽ ጽፏል። ሆኖም ከባቱ ሐይቅ ወይም ከአዋሽ የተቀዳ ናሙና የያዘ ሰው፣ እጁ ላይ ያለው ይህ ብቻ ሲሆን፣ ያየውን ቅርፊት ከሁሉ ለሚቀርበው ሥዕል ይሰጠዋል። ችግሩ ስም ብቻውን አለመሄዱ ነው፤ ዝርያው የሚወደውን ውኃ የሚገልጸው ማስታወሻም አብሮት ይጓዛል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ግን በአመዛኙ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛባቸው ሲሆኑ፣ በመካከለኛው አውሮፓ ብዙ ውኆች ካልሲየም ያይላል።

የስሕተቱ ዋጋ ቀላል አይደለም። ፍራንስዋዝ ጋስ አዋሽ የሚያልቅበትን የአቤን ሐይቅ የ70 ሺህ ዓመት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረቡት ጥናት፣ ዲያቶሞች የሐይቁን መሙላትና መጉደል ከሚመሰክሩት መካከል ነበሩ። ስሙ ቢሳሳት ጨዋማው ዘመን ጣፋጭ፣ ድርቁም ዝናብ ሆኖ ሊነበብ ነው። ጋስ ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት የምሥራቅ አፍሪካ ዲያቶሞች መጽሐፍ፣ ዝርያዎቹን ከሚገኙበት ውኃ ጠባይ ጋር አያይዘው አቀረቡ። ክራመርም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2003 አፍሮሲምቤላ የተባለውን ወገን ለይተው ማውጣታቸው፣ የአፍሪካ ውኃ የራሱ ዘር እንዳለው ከአውሮፓው መጽሐፍ ደራሲ የተገኘ ምስክርነት ነው።

ዛሬ የዘር ቅንጣት ምርመራ መጥቷልና የመልክ ጥናት አብቅቷል የሚሉ አሉ። አንስማማም። የቅንጣቱ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ስሙ ከታወቀ ናሙና ጋር ሲያያዝ ነው፤ በጥንታዊ ደለል ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀረን ቅርፊቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የአገራችንን ውኃ የሚያጠኑ ሁሉ ከስም ዝርዝር ጋር ፎቶግራፉን፣ የውኃውን የኬሚካል ልኬትና ቋሚ ስላይዱን በአገር ውስጥ ባለ ስብስብ እንዲያኖሩ እናሳስባለን። የተጠራጠሩትንም ዝርያ በሌላ አገር ስም ከማጥመቅ «ይመስላል» ብለው ቢመዘግቡት ይሻላል፤ ኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ስላይዱን አውጥቶ ሊያርመው ይችላልና።