ውሃው በየካቲት ስንት ነው?

በካፋ ዞን በቦንጋ ዙሪያ፣ ወንዝ በአጠገቡ የሚያልፍ መንደር ሁሉ መብራት በእጁ ያለ ይመስለዋል። እኔ ግን ለአነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ቦታ ስመርጥ የነሐሴን ሙላት አላይም። የምጠይቀው «በየካቲት ውሃው እስከ የትኛው ድንጋይ ይወርዳል?» ብዬ ነው። መልሱን ከመሣሪያዬ ቀድመው የሚያውቁት ከብት የሚያጠጡ ልጆችና ውሃ የሚቀዱ እናቶች ናቸው።

መለካቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወንዙ ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ሁለት ገመድ እዘረጋና ብርቱካን እለቃለሁ። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ አይገፋውም። የላዩ ውሃ ከሥሩ ስለሚፈጥን ካገኘሁት ፍጥነት ሩብ ያህሉን እቀንሳለሁ፤ ወንዙ ድንጋያማ ከሆነ ከዚያም በላይ። የከፍታውን ልዩነት የምለካው ውሃ በሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ነው።

ሒሳቡ አጭር ነው። በሰከንድ 50 ሊትር ውሃ 20 ሜትር ቢወርድ በወረቀት ላይ 10 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። በቧንቧው፣ በተርባይኑና በጄኔሬተሩ የሚባክነው ሲቀነስ 5 ወይም 6 ይቀራል። ይህ ለአምፖል፣ ለስልክና ለጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል። ይህን ስናገር የሴቶቹ ፊት ይቀየራል፤ እውነታቸውን ነው፣ ጭሱ የሚለበልበው የእነሱን ዓይን ነው። ቢሆንም ምጣድ ቃል አልገባም።

ማታ መንደሩ መብራቱን ሲያጠፋ ተርባይኑ ጭነት ይቀልለትና መፍጠን ይጀምራል፤ ካልተገታ ያልጠፉትን አምፖሎች ያቃጥላል። ትርፉን ኃይል ወደ ውሃ ማሞቂያ የሚልክ መቆጣጠሪያ የምንገጥመው ለዚህ ነው። ከዚህም ይበልጥ የሚያታክተው ቅጠል ነው። የመግቢያው ፍርግርግ በየጠዋቱ ካልተጠረገ ቧንቧው አየር ይስባል፣ አምፖሉም ይደክማል።

በቅጠሉ ግን አላማርርም፤ በየካቲት ምንጩን የሚያቆየው ያው ቅጠሉን የሚያራግፈው ደን ነው። የካፋን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ ሰው አብዝቶ የሚያወራው ግን ስለ ጫካ ቡናው ነው። በዞኑ ሰሜን የሚያልፈው የጎጀብ ወንዝ ከኦሞ ጋር ተቀላቅሎ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ወደተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ይወርዳል። ያ ግድብ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያስቀምጣል። የእኛዋ ትንሽ ጣቢያ ማጠራቀሚያ የላትም፤ በበጋ የምትሠራው አፈሩ በያዘላት ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ከላይ ያለውን ተዳፋት ማን እንደሚያርሰው ሳልጠይቅ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚያስፈልግ አልጽፍም።