«ምቾት ማጣት» በፊኛ ምርመራ መመሪያ፦ ስለ ቃላት አመራረጥ የቀረበ ሂስ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከሚገኙ የግል ክሊኒኮች በአንዱ፣ ፊኛቸው በመሣሪያ ለሚታይ ሕሙማን የሚታደል ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ደርሶታል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መሆኑን አነጋገሩ ይመሰክራል። የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ሰዋስዉም አልተሳሳተም። ሆኖም ሕመምተኛው በምርመራው ጊዜና ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ሥቃይ ለማቅለል የተጻፈ እንደ መሆኑ መጠን፣ በቃላት አመራረጡ ምክንያት ተግባሩን አልፈጸመም።

«ሲስቶስኮፒ» የሚለውን ስም እንዳለ መውሰዱ የሚነቀፍ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ማክስ ኒትሰ መብራት ያለውን የፊኛ መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ1877 ካሳየ ወዲህ ቃሉ ብዙ ቋንቋዎችን አዳርሷል። ችግሩ ያለው በተራው ቃል ላይ ነው።

መመሪያው ደጋግሞ የሚጠቀምበት ሐረግ «ምቾት ማጣት» ነው። በአማርኛ ምቾት ያጣ የሚባለው መቀመጫው የጠበበው፣ አልጋው የጎረበጠው ወይም ኑሮው ያልደላው ሰው ነው። ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው «ምቾት አጣሁ» አይልም። አማርኛ ሥቃይን ከስም ይልቅ በግሥ ይናገራል፤ ሕመሙ ባለቤት፣ ሕመምተኛው ተሳቢ ይሆናል፦ አቃጠለኝ፣ ቆጠቆጠኝ፣ ለበለበኝ፣ ወጋኝ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ሽንቴ ቶሎ ቶሎ መጣብኝ፣ ሽንት እንቢ አለኝ። ልዩነታቸው የአነጋገር ለዛ ብቻ አይደለም። ከምርመራው በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሽንት ቢያቃጥል፣ ቶሎ ቶሎ ቢመጣ፣ መልኩም በጥቂቱ ቢቀላ የሚጠበቅ ነው። ሽንት ጭራሹን እንቢ ካለ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ ያሻል። መመሪያው ሁለቱን ወገን «መጠነኛ» እና «ከፍተኛ ምቾት ማጣት» በማለት ብቻ ስለለያቸው፣ አንባቢው የሚታገሡትን ከማይታገሡት የሚለይበት ምልክት የለውም።

ተርጓሚው ሕመምተኛውን ላለማስደንገጥ ለስላሳ ቃል ፈልጎ ይሆናል። ለስላሳ ቃል መፈለግ በራሱ ነውር አይደለም። በዚያው ክፍለ ከተማ፣ በዘነበወርቅ አካባቢ፣ አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመበትን በሽታ «ቁምጥና» ከማለት «የሥጋ ደዌ» ማለት የሕሙማንን ክብር ይጠብቃል። ይሁን እንጂ እዚያ ለስላሳው ቃል ያንኑ በሽታ ይጠራል፤ እዚህ ግን የሚጠራው ነገር የለም።

«ማደንዘዣ ይሰጥዎታል» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሚሰጠው ሊዶኬይን ያለው ቅባት ሲሆን፣ በሽንት መውጫው ተጨምሮ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ማደንዘዣ ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚያስበው በቀዶ ሕክምና ጊዜ እንቅልፍ የሚያስወስደውን ነው። እንዲህ ያሰበ ሕመምተኛ ነቅቶ ሳለ የመሣሪያው መግባት ሲሰማው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይሸበራል፤ ሲሸበርም ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ሕመሙ ይብስበታል። «ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ፣ እንቅልፍ የማያስወስድ ቅባት» ቢባል ሐረጉ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ከሁሉ የከፋው «ዘና ይበሉ» ነው። ዘና የሚለው ሥራ የፈታ፣ ጨዋታ የያዘ ሰው ነው። መሣሪያው ሽንት የሚቋጥረውን ጡንቻ በሚያልፍበት ሰዓት የሚፈለገው ግን ጡንቻውን መልቀቅ ነው። «መቋጠር» የሚለውን የመሰለ ትክክለኛ ግሥ እያለን፣ «ሽንትዎን አይቋጥሩ፤ እንደሚሸኑ ይሁኑ፤ ትንፋሽዎን በዝግታ ያውጡ» ማለት ምን ይከብዳል?

በሌላ በኩል «ማስታገሻ» የሚለው ምርጫ ይመሰገናል። ከ«ትዕግሥት» ጋር በሥር ስለሚዛመድ ሕመሙን አበርዳለሁ እንጂ አጠፋለሁ አይልም፤ ፓራሲታሞል የሚሠራውም ይህንኑ ነው። «በቂ ፈሳሽ መውሰድ» ግን ወደ «ውሃ መጠጣት» ሊመለስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም መነገር አለበት። ሽንቱ የሚያቃጥለው ሰው ላለመሽናት ሲል ውሃ ይተዋል። ሐኪም ካልከለከለው በቀር፣ ውሃ ሲበዛ ሽንቱ እንደሚቀጥን፣ ሲቀጥንም ማቃጠሉ እንደሚቀንስ ቢነገረው ይጠጣል።

የቀረው የአካል ስም ነው። መመሪያው በአንድ ስፍራ «ፊኛ»፣ በሌላው «የሽንት ከረጢት» ይላል። ሁለተኛው ሽንት የሚጠራቀምበትን፣ ከቱቦ ጋር የሚንጠለጠለውን ላስቲክም ሊያመለክት ስለሚችል፣ «ከረጢቱ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ» የሚለውን ትእዛዝ ይህ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ አንብቦ የትኛው እንደሆነ አልለየም።