የወንጀል ልቦለድና የማስጠንቀቂያ ቃል፦ በሽፋኑ ላይ ወይስ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ?

የወንጀል ድርጊትን ዋና ጉዳያቸው አድርገው የሚጻፉ ልቦለዶች በሽፋናቸው ወይም በመጀመሪያ ገጻቸው ላይ «አሰቃቂ ድርጊት ይዟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊኖራቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮች አሳታሚዎችንና አንባቢዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። በእኛም ዘንድ የፊልምና የቴሌቪዥን ነገር በተነሣ ቁጥር ይነሣል፤ ወደ መጽሐፍ ሲመጣ ግን እምብዛም አልተመረመረም። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩ የሚታየው ከመጽሐፍ ነጋዴው ሳይሆን ከክፍል ውስጥ ንባብ አኳያ ነው። ገዝቶ ወይም ተውሶ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን በፈለገው ገጽ ላይ ሊዘጋው ይችላል፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ የታዘዘ ተማሪ ግን ይህ ነጻነት የለውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ ስለ ማስጠንቀቂያ የሚነገረው ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ልዩነት ነው።

በአማርኛ የስለላና የወንጀል ምርመራ ታሪክ ሰፊ አንባቢ ያገኘው በማሞ ውድነህ ትርጉሞችና በይልማ ሀብተየስ ድርሰቶች አማካይነት መሆኑ ይታወቃል። ከእነዚህም ጎን ለጎን «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ በእውነት የተፈጸሙ ወንጀሎችን በትረካ መልክ እያቀረበ ለብዙ ዘመን ሲነበብ ኖሯል። አያሌ ሰዎች አማርኛን ሳይደነቃቀፉ ማንበብ የለመዱት በእንዲህ ያሉ ገጾች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ዘርፉን በአደባባይ የሚንቁ የሥነ ጽሑፍ መምህራን በመሳቢያቸው ውስጥ አንድ ሁለት ቅጂ እንደማያጡም የታወቀ ነው።) ስለዚህ ጥያቄው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁትን የንባብ ዓይነት የሚመለከት አይደለም።

ማስጠንቀቂያው በሽፋን ላይ ይታተም የሚሉ ወገኖች በመጀመሪያ የሚገጥማቸው ችግር ወሰኑን የማስመር ችግር ነው። የአማርኛ ልቦለድ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ደም ያልታየበት ዘመን የለም። አፈወርቅ ገብረየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚነሣው ከጦርነትና ከምርኮ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውና ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ሳይቀር የደረሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቢሆን፣ በዛብህን ለሞት የሚያበቃው በመንገድ ላይ የወንበዴዎች ዱላ ነው። ይህን መጽሐፍ የወንጀል ልቦለድ የሚለው ማንም የለም። ነገር ግን መለኪያው የአሰቃቂ ድርጊት መኖር አለመኖር ከሆነ፣ አንባቢውን ለዕድሜ ልክ የሚያሳዝነው ይህ ሥራ ምልክቱ ሊለጠፍበት ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ሬሳ አስተኝቶ ቀሪውን ገጽ ሁሉ «ማን ገደለው?» በሚል እንቆቅልሽ የሚጨርሰው ቀላል መጽሐፍ ደግሞ ሊያመልጥ ነው። ሐዲስ አለማየሁ በ1974 ዓ.ም. ያወጡትን መጽሐፍ «ወንጀለኛው ዳኛ» ብለው ሰይመውታል፤ ከርእሱ የበለጠ ማስጠንቀቂያ የሚሻ አንባቢ ይኖር ይሆን?

እዚህ ላይ በወንጀል ልቦለድ ውስጥ የሚገኘው ግፍ ሁለት ዓይነት አገልግሎት እንዳለው ማስተዋል ያስፈልጋል። በአንደኛው ዓይነት ግድያው የሚፈጸመው ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። የእንግሊዟ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ሠርታ ስለነበር ስለ መርዝ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ በመጻሕፍቷ ውስጥ ብዙ ሰው ይሞታል፣ አንባቢው ግን የሚያየው ጣርን ሳይሆን ማስረጃን ነው። በሁለተኛው ዓይነት ደራሲው ቢላዋው ሲሰነዘር፣ ሰውነት ሲቆረጥ፣ ሰው ሲለምንና ሲያቃስት ያሳያል። ይህም ራሱ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ደራሲ ይህን የሚያደርገው አንባቢው በሟቹ ቦታ እንዲቆም ነው፤ ሌላው ደግሞ አንባቢው በገዳዩ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዲመለከትና እንዲደሰት ነው። ሥነ ምግባራዊው ልዩነት ያለው በእነዚህ በኋለኞቹ ሁለት መካከል ነው። በሽፋን ላይ የሚታተም አንድ መሥመር ግን የግፉን መጠን እንጂ የአቀራረቡን አቅጣጫ ሊናገር አይችልም። ስለሆነም ሁለቱን ደራስያን በአንድ ማኅተም ያትማቸዋል።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነን የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ሲወጣ የስለላ ልቦለድ መልክ ነበረው፦ አሥመራ ከተማ፣ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ በየማእዘኑ የሚሸመቅ ጠላት። የወንጀል ልቦለድ አንባቢ የሚወድደው ሁሉ አለበት። ነገር ግን ታሪኩ ወደ ናቅፋ ተራራ በተቃረበ መጠን የእንቆቅልሹ ጣዕም እየተወ ይሄድና የሰው እልቂት ብቻ ይቀራል። ግፉ የመጽሐፉ ጌጥ ሳይሆን ክርክሩ ነው። ይህ ሥራ ከገበያ የተሰበሰበው ግፍን በመግለጡ ሳይሆን የማንን ግፍ እንደገለጠ ስለታወቀ ነበር። ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። መጽሐፉ ከሱቅ ሲወጣ ከአንባቢ እጅ አልወጣም፤ እንዲያውም በድብቅ ተፈላጊነቱ ጨመረ።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ በአገራችን «ይህ ለአንባቢ አይመችም» የሚል የመንግሥት ማኅተም ከሳንሱር ቢሮ ትዝታ ተለይቶ ሊታይ ስለማይችል ነው። ሳንሱር በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ቅድመ ምርመራ ተከልክሏል። ያው አንቀጽ ግን የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደነገግ እንደሚችል ይናገራል። የ1999ኙ የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ለልጆች የማይስማማ ዝግጅት ልጆች በሚከታተሉበት ሰዓት እንዳይተላለፍ የደነገገው በዚሁ መንፈስ ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሰዓት ሠሌዳ አላቸው፤ መጽሐፍ የለውም። በመጽሐፍ ረገድ የሰዓት ሠሌዳን ቦታ የሚይዘው የክፍለ ጊዜው ሠሌዳ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በአሳታሚው እጅ ሳይሆን በእኛ እጅ የሚገኝ ነው።

የውጪው ዓለም ልምድም ከሽፋን ምልክት ብዙ እንዳንጠብቅ ያስተምራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በወንጀል ላይ የተመሠረቱ የሥዕል ታሪኮች ወጣቱን ያበላሻሉ ተብሎ ብርቱ ዘመቻ በተካሄደ ጊዜ አሳታሚዎቹ ራሳቸው የጋራ ደንብ አውጥተው በሽፋን ላይ የማረጋገጫ ማኅተም ማተም ጀመሩ። ውጤቱም ልጆች ግፍን ማየት ማቆማቸው ሳይሆን ዘርፉ ለብዙ ዓመታት ወደ ቀላል የጀግና ተረት ማዘንበሉ ሆነ። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2023 ብሪጅላንድና ባልደረቦቿ ስለ ይዘት ማስጠንቀቂያ የተደረጉ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፣ ማስጠንቀቂያው አንባቢው በይዘቱ የሚሰማውን ጭንቀት እንደማይቀንስ፣ ከማንበቡ በፊት ያለውን ስጋት ግን እንደሚጨምር፣ አብዛኛውንም ሰው ከማንበብ እንደማያስቀር አግኝተዋል። የጎረምሳን ጠባይ ለሚያውቅ መምህር ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። «አሰቃቂ» የሚል ቃል የታተመበት መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ቀድሞ የሚያረጀው ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማስጠንቀቂያን የሚቃወሙትን ወገኖች ያስደስት ይሆናል። እነርሱም ከዚህ ተነሥተው «ሕይወት ራሷ ማስጠንቀቂያ የላትም፤ ተማሪው ይልመደው» ይላሉ። ይህ አባባል በሌላ ቦታ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እንጃ፤ በወናጎ ግን አያስኬድም።

ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና አገር ናት። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ በጌዴኦ ዞን ትምህርት ቤቶች ሳይቀሩ መጠለያ ሆነው ነበር። ያን ጊዜ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጅ የነበረው ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ማን ምን እንዳየ የክፍሉ መምህር አያውቅም፤ መዝገብም የለውም፤ ልጁም አይናገርም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ በስለት የሚፈጸም ግድያን በዝርዝር የሚገልጽ ገጽ ልቦለድ ላይሆንበት ይችላል።

ሁለተኛውም ምክንያት ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ አካባቢ አብዛኛው ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በጌዴኦ ቋንቋ ሲሆን አማርኛን የሚያገኘው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። አንደበቱ በአማርኛ የተፈታ አንባቢ አንድን አስጨናቂ አንቀጽ በጥቂት ሴኮንዶች ያልፈዋል። ፊደል እየቆጠረ የሚያነበው ተማሪ ግን እያንዳንዱን ቃል ያነሣል፣ ይጥላል፣ ይደግማል፤ መምህሩም የተሳሳተውን ቃል እንዲደግመው ያዘዋል። ከዚህም የተነሣ ደራሲው በሦስት ዐረፍተ ነገር የቋጨው ግድያ በክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ስለ ማስጠንቀቂያ በሚደረጉ ክርክሮች ውስጥ ይህ ነገር ሲነሣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አልሰማም።

ለአብነት ያህል፣ በአካባቢው በተደረገ አንድ የማስተማር ልምምድ ላይ የታየውን መጥቀስ ይቻላል። እጩ መምህሩ የተማሪዎቹን ፍላጎት ለመቀስቀስ ብሎ ከአንድ የወንጀል ልቦለድ ሁለት ገጽ አባዝቶ አቀረበ። አሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ክፍሉ በእርግጥም ነቅቶ ነበር። ተራ የደረሳት ተማሪ ግን ሟቹ ወደ ተደበቀበት ቤት በሩ ተሰብሮ ሲገባ ከሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ዝም አለች። እጩ መምህሩ ቃሉ የከበዳት መስሎት «ቀጥዪ» አላት፤ ቃሉንም በሰሌዳ ላይ ጻፈላት። ልጅቷ አልቀጠለችም። ጓደኞቿ ሳቁ። ከዚያም ሌላ ተማሪ ተነሥቶ አነበበ። በመጨረሻም የቤት ሥራ ተሰጠ፦ «ከራሳችሁ ገጠመኝ ጋር በማያያዝ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።»

ከምንባቡ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል። ምንባቡ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ትእዛዙ ግን ስለ ራሷ ነው። በሽፋኑ ላይ የትኛውም ዓይነት ማስጠንቀቂያ ቢታተም ኖሮ ደግሞ ይህን አያስቀረውም ነበር፤ ሽፋኑ አልተባዛምና።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ያስፈልጋል፤ የሚጻፈው ግን ለመምህሩ ነው፤ ቦታውም የመምህሩ መምሪያ ነው። ቃሉም «አሰቃቂ»፣ «አስደንጋጭ» የመሰለ ቅጽል ሳይሆን ዝርዝር መሆን ይኖርበታል። ለምሳሌ፦ «በዚህ ምንባብ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ሲገደል ይገለጻል። አንቀጹ በለሆሳስ ይነበብ፤ ጮክ ብሎ እንዲነበብ አይታዘዝ። ተማሪ ማንበብ ካቆመ ምክንያቱ አይጠየቅ። ከምንባቡ በኋላ ስለ ግል ገጠመኝ ድርሰት አይሰጥ፤ በምትኩ ተማሪዎች የመርማሪውን የማስረጃ አሰባሰብ ቅደም ተከተል ይጻፉ።» ይህ ከአምስት መሥመር አይበልጥም፤ ለኅትመትም የተለየ ወጪ አይጠይቅም።

በዚህ ላይ የሚነሣው ዋነኛ ተቃውሞ ማስታወሻውን ያየ መምህር ሥራ ላለማብዛት ሲል ምንባቡን ጨርሶ ይዘለዋል የሚል ነው። ስጋቱ እውነትነት አለው። ወንጀልና ቅጣት፣ ፍርድና በደል የማይነበብበት የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ደግሞ እነዚህኑ በዓይናቸው ላዩ ልጆች የሚሰጣቸው ነገር ጥቂት ነው፤ እንዲያውም የመርማሪ ታሪክ ጠቀሜታው ግድያ ተጠያቂ እንዳለው፣ ምስክርም እንደሚሰማ ማሳየቱ ላይ ነው። መፍትሔው ማስታወሻውን ማስቀረት ሳይሆን በአንድ ማስታወሻ ሥር ሁለት አማራጭ ምንባቦችን ከዚያው መጽሐፍ ማቅረብ ነው፤ አንዱ ድርጊቱ የሚገለጽበት፣ ሌላው ምርመራው ወይም ችሎቱ የሚካሄድበት። ያኔ መምህሩ የሚመርጠው በሁለት ገጾች መካከል ይሆናል፤ መጽሐፉን በማስተማርና በመተው መካከል አይሆንም።

የሚቀረው ማስታወሻውን ማን ይጽፈዋል የሚለው ነው። ምንባብ የሚመርጠው ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ የተቆረጠውን ገጽ እንጂ መጽሐፉን አያነብም። ቢያንስ አንድ አባል መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው አንብቦ በፊርማው እንዲያረጋግጥ በምርጫው ቅጽ ላይ አንድ ሣጥን ቢጨመር ሥራው ይጀመራል። በመምሪያ የማይሸፈኑት፣ መምህራን ራሳቸው አባዝተው የሚያመጧቸው ገጾች ግን በዚህ አይደረስባቸውም፤ እነዚህን በተመለከተ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች በማስተማር ልምምዱ ወቅት እጩው ማንኛውንም ተጨማሪ ምንባብ ከክፍለ ጊዜው አንድ ቀን አስቀድሞ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል።