«የቤት ባትሪ» ወይስ «መገልገያ ባትሪ»?
በአንድ የጀልባ ባትሪ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ለጀልባ ባለቤቶችና ለሞተር ሠራተኞች ታስቦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ አነስተኛ መመሪያ በረቂቅነቱ ለአስተያየት ደርሶናል። መመሪያው በአንድ ጀልባ ላይ የሚኖሩትን ሁለት ዐይነት ባትሪዎች፣ ይኸውም ሞተር የሚነሣበትንና መብራት፣ ራዲዮ፣ የውሃ መሳቢያና ማቀዝቀዣ የሚሠሩበትን፣ እንዴት መምረጥና መንከባከብ እንደሚገባ ያስረዳል። የተርጓሚውን ድካም እናመሰግናለን፤ ዐረፍተ ነገሮቻቸው ቀና ናቸው፤ የባትሪውን የጋዝ መውጫ «መተንፈሻ» ማለታቸውም የሚያስመሰግናቸው ነው። በአብዛኞቹ ስያሜዎች ላይ ግን ብርቱ ቅሬታ አለን። ቅሬታችን የጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በደብዳቤ ገልጸንላቸው በተውነው ነበር። ይህን ሂስ እንድንጽፍ ያስገደደን፣ ጣና ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ አንድ ጀልበኛ ረቂቁን አምኖ ባትሪ ቢገዛና ቢጠብቅ የሚደርስበትን በማሰባችን ነው።

ከሁለቱ ዋና ስሞች እንጀምር። ተርጓሚው የመጀመሪያውን «ጀማሪ ባትሪ»፣ ሁለተኛውን «የቤት ባትሪ» ብለውታል። «ጀማሪ» በአማርኛ ሥራውን ገና ያልለመደ ማለት ነው፤ ጀማሪ ሹፌር፣ ጀማሪ ጸሓፊ እንደምንለው። ከዚህም ሌላ ሞተር በአማርኛ ይነሣል እንጂ አይጀምርም። ስለዚህ ስያሜው ከ«አስነሣ» መውጣት ይኖርበታል። «አስነሺ» እንበል ወይስ «ማስነሻ»? ሁለቱም ከሰዋስው አንጻር ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሞተሩን የሚያሽከረክረው ሞተሪኖው ነው፤ ባትሪው ለሥራው መሣሪያ እንጂ ሠሪ አይደለም። በዚህ ምክንያት የመሣሪያ ቅጽ የሆነውን «ማስነሻ ባትሪ» መርጠናል።

«የቤት ባትሪ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በእንግሊዝኛው መርከበኞች «ቤት» የሚሉት በጀልባው ውስጥ ያለውን ኑሮ፣ ማለትም ብርሃኑን፣ ምግቡንና ውሃውን ነው። የእኛ አንባቢ ግን ቃሉን እንደተጻፈ ይወስደዋል፤ መብራት ሲጠፋ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ባትሪ ነው ብሎ ምዕራፉን ዘሎት ያልፋል። ከእኛ መካከል «የውስጥ ባትሪ» ይባል ያሉ ነበሩ፤ ማስነሻውም ቢሆን ውስጥ ስለሚቀመጥ ሐሳቡ አልጸናም። በመጨረሻ የተስማማነው በ«መገልገያ ባትሪ» ነው። «የቤት መገልገያ» የሚለው የተለመደ አነጋገር የቤቱን ትርጉም ሳይናገር ይዞት ይመጣል። በተጨማሪም ማስነሻና መገልገያ በአንድ ቅጽ የተበጁ ስለሆኑ ጥንድነታቸው በጆሮ ብቻ ይታወቃል።

ጥንድነታቸው መታወቁ ብዙ ይጠቅማል። ማስነሻ ባትሪ ብዙና ስስ ዝርጎች አሉት፤ ሰፊ ገጽ ስለሚኖረው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ለጥቂት ሴኮንድ ይሰጣል፤ ከዚያ ዲናሞው የወጣውን ይመልስለታል። መገልገያው ዝርጎቹ ወፋፍራም ስለሆኑ ጥቂት አምፔር ለብዙ ሰዓት ይሰጣል፤ ደጋግሞ ቢወርድም ይታገሣል። ማስነሻውን በመገልገያው ቦታ የተካ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ የዝርጎቹ ልባስ ረግፎ ባትሪው ይሞትበታል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ባትሪ የሚሠራ ደግሞ ሌሊቱን መብራትና ራዲዮ ከፍቶ ያድርና ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ይለዋል። (ረቂቁ ዝርጎቹን «ሳህኖች» ይላቸዋል። ይህ ይታረም ከማለት በቀር የምንጨምረው የለም።)

እንግሊዝኛው ለመገልገያ ባትሪ የሚሰጠው ሌላው መጠሪያ በረቂቁ «ጥልቅ ዑደት ባትሪ» ተብሏል። ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ለጥልቅ ውሃ የተሠራ ባትሪ መስሎ ቢታየው አንፈርድበትም። ጋራዥ ውስጥ ባትሪ «ወረደ» እና «ተሞላ» ይባላል፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ አናገኝም። ችግሩ ከ«ወረደ» ስም ማውጣቱ ላይ ነው፤ «ውርደት»ን ሌላ ትርጉም ቀድሞ ይዞታል። ይሁን እንጂ «ውርድ ከራሴ» በሚለው አነጋገር የተጠበቀው «ውርድ» ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የባትሪውን መውረድ «ውርድ»፣ መሞላቱን «ሙሌት»፣ ብዙ መውረድን የሚታገሠውን «ውርድ ቻይ ባትሪ» ብንል የቃሉ ባለቤት የሆኑት መካኒኮች የሚቃወሙን አይመስለንም።

ከሁሉ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው ግን «ኀይል» ነው። ይህ ቃል በረቂቁ ውስጥ ቮልቴጅን፣ ከረንትን፣ የአምፔር-ሰዓት ልክንና ሞተር ለማስነሣት የሚሰጠውን አምፔር ሁሉ ይተካል። በዚህ የተነሣ ባትሪ ለማወዳደር የተዘጋጀው ሠንጠረዥ አራት ዐምዶች ቢኖሩትም ሦስቱ አንድ ርእስ ይዘዋል። ከዚህ ቀጥሎ የመገልገያው ባትሪ «ኀይሉ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ቮልት መለኪያ የያዘ ሰው የባለ 12 ቮልት ባትሪ ግማሽ 6 ቮልት ነው ብሎ ቢያስብ ጥፋቱ የማን ነው? አሲድ የሚሞላ የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፤ ግማሹ ሲቀረው የሚያሳየው 12.1 ወይም 12.2 ነው። ሥራ ላይ ሆኖ 10.5 ከደረሰ ባዶ ሆኗል። በሙሉና በግማሽ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ሲሆን ረቂቁ አንባቢውን 6 ቮልት ድረስ ይጠብቅ ይለዋል።

እንግዲህ ቃሎቹ ይለዩ። ቮልቴጅና ከረንት በትምህርት ቤት የተለመዱ ስለሆኑ እንዳሉ ይቆዩ። በአምፔር-ሰዓት ለሚለካው «ይዘት» እንላለን፤ «አቅም» እንደገና ወደ ጉልበት ስለሚመልሰን ትተነዋል። ይዘቱ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ቃሉ ከተስተካከለ የመምረጫው ስሌት ራሱ ይቃናል፦ ማቀዝቀዣው 4 አምፔር ለ12 ሰዓት ቢወስድ 48፣ መብራቶቹ 2 አምፔር ለ5 ሰዓት ቢወስዱ 10፣ በድምሩ 58 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ከይዘቱ ግማሹን ብቻ ለመጠቀም 120 ያህል ይዘት ያለው ባትሪ ያስፈልጋል። ለማስነሻው የሚታየው ሌላ ቁጥር ነው፤ ባትሪው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብርድ ለ30 ሴኮንድ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ የሚሰጠው አምፔር ነው። ረቂቁ ይህን «ቀዝቃዛ ኀይል» ይለዋል። እኛ «በብርድ የማስነሻ ከረንት» ብለነዋል። ረዝሟል፤ ግን ያስረዳል። በሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ደግሞ ቮልቴጁ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ እምብዛም ስለማይለወጥ ይዘትንና ቮልቴጅን በአንድ ቃል መጥራት ከቀድሞው ይበልጥ ያሳስታል።

በእንክብካቤው ክፍል ሦስት ቦታዎች ላይ ቆመናል። አንደኛው «ጥገና የማያስፈልገው ባትሪ» የሚለው ነው። በአማርኛ ጥገና የሚደረገው ለተበላሸ ነገር ስለሆነ አንባቢው የማይበላሽ ባትሪ ይጠብቃል። እንግሊዝኛው ሊል የፈለገው ውሃ የማይጨመርበት መሆኑን ነው፤ ራሶቹን ማጽዳትና ሳይሞሉ ለወራት አለማስቀመጥ ለእርሱም ያስፈልጋል። «ውሃ የማይጨመርበት ባትሪ» ይባል።

ሁለተኛው አስቆናል። ባትሪው በ14.4 ቮልት ግድም ከሞላ በኋላ ወደ 13.5 ቮልት ግድም ዝቅ ተደርጎ በሙላቱ እንዲቆይ ይደረጋል። እንግሊዝኛው ይህን በመንሳፈፍ ቃል ይጠራዋል፤ ተርጓሚውም «ባትሪውን በ13.5 ቮልት አንሳፍፉት» አሉ። ጀልባ ላይ! «ማቆያ ሙሌት» ብንለው ማንም ባትሪውን ወደ ውሃ አይወረውርም።

ሦስተኛው አያስቅም። «ፈሳሹ ሲጎድል ፈሳሽ ይጨመር» የሚለው ትእዛዝ አሲዱንና ውሃውን በአንድ ስም ጠርቷል። በሙሌት ጊዜ ተበትኖ የሚጎድለው ውሃው ነው፤ አሲዱ ይቀራል። አሲድ የጨመረ ሰው ዝርጎቹን ያስበላል፤ እጁንና ዐይኑንም ለአደጋ ያጋልጣል። ሌላ ገጽ ላይ ያለው «የተጣራ ውሃ» ደግሞ በጨርቅ ወይም በማጣሪያ ያለፈውን ሁሉ ይጨምራል። «በእንፋሎት የተጣራ ውሃ» ተብሎ ይጻፍ፤ መቼ እንደሚጨመርም አብሮ ይነገር። ዝርጎቹ ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ ከሙሌት በፊት፣ እስከ ልኩ ግን ከሙሌት በኋላ ነው። በዚያው ጊዜ ሃይድሮጅን ስለሚወጣ «አየር ያለበት ቦታ» የሚለው ሐረግ በረቂቁ ከተጻፈበት የግርጌ ማስታወሻ ወጥቶ ወደ ዋናው ጽሑፍ ይግባ። አየር ውስጥ 4 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ካለ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፤ የጀልባ ሞተር ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው።

ያልተስማማንበት አንድ ቃል ቀርቷል፤ እርሱም «ሞተሪኖ» ነው። ከመካከላችን ሁለቱ የጣሊያንኛ ቃል በመዝገበ ቃላት እንዳይገባ፣ በ«ማስነሻ ሞተር» እንዲተካ ጠይቀዋል። ሌሎቻችን ጀልበኛው ሞተሩ አልነሣ ሲለው በመመሪያው ማውጫ ውስጥ የሚፈልገው «ሞተሪኖ»ን ነው ብለናል። ለጊዜው ሁለቱም በማውጫው እንዲገቡ፣ ማብራሪያው ግን በ«ሞተሪኖ» ሥር እንዲሰጥ ለተርጓሚው ጽፈንላቸዋል።